ሁለት ወንበር

ጡረታ የወጣሁ ዕለት፣ ጋቢና ሰዓት ሰጡኝ፤
“ዕረፊ እንግዲህ፣ ሲስተር” ብለው፣ በጭብጨባ ሸኙኝ።
ሠላሳ ስምንት ዓመት፣ ሌሊት ሲጠሩኝ የሮጥኩ፣
ዕረፍት የሚሉትን አገር፣ በካርታ እንኳ አላወቅኩ።
ሰዓቱ ግድግዳ ላይ፣ ጋቢው ሳጥን ውስጥ ሆነ፤
እግሬ ግን በየሌሊቱ፣ ጫማ ፍለጋ ባከነ።

ልጆቼ መከሩኝ፦ “ሚኒባስ ግዢ፣ ይሠራል፤
ወይ ጓሮው ላይ ክፍል ጨምሪ፣ ለተማሪ ይከራያል።”
እቴ የውብዳር ደግሞ፣ “ገንዘቡ ለነፍስሽ ይሁን፤
ስልሳ የሞላው ሰው፣ ያስብ እንጂ መንገዱን።”
“መንገዱን እኮ ነው የማስበው” አልኳት።

አዘዞ፣ ከወፍጮ ቤት ጀርባ፣ ሸራ ለብሳ ተኝታ፣
ዱቄት እንደ ጉም ሸፍኗት፣ አገኘኋት ማክሰኞ ማታ።
ማርቸዲስ ናት፤ ሁለት ወንበር፤ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፤
ቀለሟ የበሰለ ቀጋ፣ በጎኗ የብር ዘርፍ።
በሾፌሩ ወንበር ላይ፣ አንዲት ዶሮ ተቀምጣለች፤
ሻጩ “እሽ!” ብሎ ሲነሣ፣ “ተዋት” አልኩት፣ “ምጥ ላይ ነች።”

የሻጩ ስም ምናሴ ነው፤ “የአባቴ ነበረች” አለ፣
“ሠላሳ ዓመት ሲነዳት፣ አንድ ቀን ጋራዥ አልዋለ።”
አዛናው መካኒኩ ሳቀ፤ በእጄ ነው የተቀበልኩት፤
በእግሩ ነበር የመጣ፤ ዛሬም ከመኪና ሥር፣ መጀመሪያ እግሩን አየሁት።
“ሰው ይዋሻል፣ ሲስተር፤ ዘይት አይዋሽም” አለና፣
ዘንጉን መዘዘ፤ ጥቁሩን ጠብታ በጣቱ አሸና፣
ከሥር ገባ፤ በስልኩ መብራት፣ ዝገት ፈለገ ቦታ ቦታ፤
ወለሉን በመዶሻ እጀታ፣ እንደ ሐኪም ደረት መታ።

እኔም ከቦርሳዬ አወጣሁ፣
የፅንስ ልብ የማዳምጥባትን፣ ያቺን የእንጨት ቀንዴን፤
ስንት ሆድ ላይ ያረፈችውን፣ ያጣመመችውን አንገቴን፤
ሞተሩ ላይ አሳረፍኳት። “አስነሣ” አልኩት ምናሴን።
አንዴ አሳላት። ሁለቴ። ከዚያ ጉሮሮዋ ጠራ፤
ዱቄቱ ቦነነ ከላይዋ፤ ዶሮዋ ወፍጮ ቤት ገባች በርራ።
ጆሮዬን ጫንኩ። ዐይኔን ጨፈንኩ።
ውስጧ ይመታል፤ እኩል፤ ሳይዘል፣ ሳይደክም፤
ስንቷን እናት “ደህና ነው” ያልኩበት፣ ያ ዓይነት ሰላም።

“ዘይት ታንጠባጥባለች” አለ አዛናው፣ “በግራ በኩል፣ ጥቂት።”
“ደም ሲፈስ ያልሸሸሁ፣ ለዘይት እሸሻለሁ?” አልኩት።

ዋጋውን አልጽፈውም፤ የውብዳር ታነበዋለች፤
የጆሮ ጌጤ የት እንደገባ፣ ዛሬም ትጠይቃለች።
ምናሴ ግን ደግ ነው፤ ዕንቁላሉን መረቀልኝ፤
አዛናው ቁልፉን በሁለት እጁ፣ እንደ ሕፃን አቀበለኝ።

ሳምንት ሙሉ ለቤንዚን፣ ማራኪ ሰልፍ ላይ ዋልኩ፤
የባጃጅ ልጆች “እናታችን፣ ስንት ትመታለች?” ሲሉ ሳቅኩ።
“ሁለት መቶ አርባ ይላል” አልኩ፤ አራዳ ኮብልስቶን ላይ ግን፣
ጋሪ የሚስብ ፈረስ፣ ሳይቸኩል ቀድሞ አለፈን።

እሑድ ጣሪያዋን አጥፌ ወጣሁ፣ ሊነጋጋ ሲል፤
የደምቢያ ጉም ከሽንብራው፣ ቀስ እያለ ሲገለል።
ሰባ። ሰማንያ። መቶ።
በዚህ መንገድ ስንት ጊዜ፣ በአምቡላንስ በርሬያለሁ፤
ደም በጨርቅ ይዤ፣ “ጠንክሪ፣ ደረስን” እያልኩ ዋሽቻለሁ።
ያን ጊዜ ፍጥነት ማለት፣ የሰው ትንፋሽ ማሳደድ፤
ዛሬ ግን ማንም አይሞት፣ ማንም አይወለድ፤ ዝም ብሎ መንገድ።
ለምንም አልነበረም የሮጥኩት፤ ለማንም።
እንባዬን ነፋስ ወሰደው፤ በነፋስ ግን አላመካኝም።

ቆላ ድባ መግቢያ ላይ፣ አህዮች መንገድ ዘጉብኝ፤
ጀሪካን የተጫኑ። ሴትዮዋ ከኋላ፣ ቆማ አየችኝ።
ሰባት ወር ይሆናታል፤ ዐይኔ አይስትም።
“የማን ናት?”
“የእኔ።”
“ሁለተኛው ወንበርስ?”
ቀንዴን ከወንበሩ ላይ አነሣሁ፤ በሩን ከፈትኩላት።
መኪናዋን አየች፤ እኔን አየች፤
ሆዷን በእጇ ደገፍ አድርጋ፣
“አህዮቼስ?” አለች።